ኪንግስተን አሁን ስንት ሰዓት ነው?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ ጃማይካ ሰዓት ናቸው። መጀመሪያ ገረመኝ። ሳነባቸው ግን አራቱም የተደናቀፉት አንድ ድንጋይ ላይ ነው፦ ጃማይካ ሰዓቷን አትነካም፣ በዙሪያዋ ካሉት ብዙዎቹ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ይነካሉ። ስለዚህ አንድ ላይ ልመልሳቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም የዓምዱ አዘጋጅ። ኪንግስተን፣ ጃማይካ ላለች አንዲት ነጋዴ ከቤቴ ሆኜ በኢንተርኔት ሒሳብ እሠራለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ በእነሱ ጠዋት፣ በፈረንጅ 8 ሰዓት ላይ በቪዲዮ እንገናኛለን። ስልኬ ላይ ያለው የዓለም ሰዓት ውስጥ ኪንግስተንን አስገብቼ እሱን እያየሁ ነው የምገባው። ከጥር ጀምሮ አንድም ቀን ዝንፍ ብሎብኝ አያውቅም። መጋቢት ላይ ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ እኔ እገባለሁ ማንም የለም፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ከቆየሁ በኋላ ሴትዮዋ ቡናዋን ይዛ ትመጣና "ዛሬም ቀደምሽ?" ትለኛለች። ሰዓት ቀየራችሁ እንዴ ብዬ ብጠይቃት "እኛ ምንም አልቀየርንም" አለችኝ። ታዲያ ማነው የቀየረው?
ቀድማ የምትገባዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ሴትዮዋ እውነቷን ነው። ጃማይካ ዓመቱን ሙሉ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ዩቲሲ ከሚሉት፣ 5 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ማርች መጣ፣ ኖቬምበር መጣ፣ አይመለከታቸውም። እኛ ደግሞ ከዚያው መነሻ 3 ሰዓት ወደ ፊት ነን፣ እኛም አንቀይርም። 5 እና 3 ሲደመር 8። በመካከላችን ያለው ልዩነት ሁልጊዜ 8 ሰዓት ነው።

አንድ ሰሞን ሞክረውት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1983 እንደ አሜሪካኖቹ በየዓመቱ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት እየገፉ መልሰው ይጎትቱ ነበር፣ ከዚያ ተዉት። እኔ አልፈርድባቸውም። ሰዓት የሚገፋው ቀኑ ሲረዝም ብርሃኑ ለምሽት እንዲተርፍ ነው። ኪንግስተን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 18 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት ከምናምን ነው፣ አጭሩ 11 ሰዓት ገደማ። ለዚህች ልዩነት ብሎ አገር ሙሉ ሰዓት ማዞር ድካም ነው። ካናዳና እንግሊዝ ሌላ ነገር ነው፣ እዚያ ሰኔ ላይ ፀሐይ አልገባም ብላ ታስቸግራለች።

እንግዲህ የምጠረጥረው ስልክሽን ነው። ኪንግስተን የሚባል ከተማ አንድ ብቻ አይደለም። ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ አለ። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ አለ። ለንደን ውስጥ ቴምዝ ወንዝ ዳር አለ። አውስትራሊያ አጠገብ ያለችው የኖርፎክ ደሴት ዋና ከተማም ኪንግስተን ነው የምትባለው። አንቺ ስሙን ጻፍሽ፣ ስልኩ ዝርዝር አመጣ፣ የመጀመሪያውን ነካሽ፣ አለቀ። እኔ እንደሚመስለኝ የነካሽው የካናዳውን ነው። ለምን ብትይ፣ የካናዳው ኪንግስተን ከኖቬምበር እስከ ማርች ከጃማይካው ጋር ፍጹም አንድ ዓይነት ሰዓት ነው የሚያሳየው። በማርች ሁለተኛው እሁድ ግን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይዘላል፣ የሚመለሰው በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ነው። አንቺ ከጥር እስከ መጋቢት የተሳሳተ ከተማ እያየሽ ትክክል ስትገቢ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስህተት ነው የሚያናድደኝ፣ ሁለት ወር አብሮ ጠጥቶ በልቶ ከቆየ በኋላ የሚክድ።

ስለዚህ ያለውን አጥፊውና "ኪንግስተን ጃማይካ" ብለሽ እንደገና ፈልጊ፣ ከከተማው ሥር የአገሩን ስም ሳታዪ እንዳትነኪ። ኮምፒውተርሽ ዊንዶውስ ከሆነ ደግሞ የሰዓት ክልሎች ዝርዝር ውስጥ ኪንግስተንን ብትፈልጊ አታገኚውም፣ አትድከሚ። "ቦጎታ፣ ሊማ፣ ኪቶ" የሚለው ነው የጃማይካ፤ እነዚያም 5 ሰዓት ወደ ኋላ ሆነው የማይቀይሩ ናቸው። "ኢስተርን ታይም" ከሚለው ራቂ፣ እሱ ከአሜሪካና ከካናዳ ጋር ይዘላል።

አንድ ዘዴ ልጨምርልሽ፣ እኔ ስልክም አላወጣም። ልዩነቱ 8 ሰዓት ነው፣ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ 6 ይቀንሳል፣ ከ8 ላይ 6 ሲነሳ 2 ይቀራል። ስለዚህ እነሱ በሚሉት ቁጥር ላይ 2 ደምሪ፣ የሚመጣው በእኛ አቆጣጠር ያለው ሰዓት ነው። 8 ካሉሽ 10 ሰዓት። 9 ካሉሽ 11። ከ12 ካለፈ 12 ቀንሺለት፦ ረፋድ 11 ሰዓት ካሉሽ በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ቀን ይሁን ሌሊት ቁጥሩ አይነግርሽም፣ እሱን በአእምሮሽ ያዢው፦ የእነሱ ጠዋት የእኛ ከሰዓት በኋላ ነው፣ የእነሱ ምሽት የእኛ ሌሊት ነው። ያንቺ ስብሰባ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፣ ዓመቱን ሙሉ።

ጥያቄ፦ ወንድም፣ ሚያዝያ 13 ጃንሆይ ጃማይካ የገቡበት ቀን መሆኑን ታውቃለህ። በዚያ ቀን ኪንግስተን ላይ የራስታዎች የከበሮ ምሽት በቀጥታ በኢንተርኔት ይተላለፋል ተባለ። ማስታወቂያው "ምሽት 7 ሰዓት ኢኤስቲ" ይላል። ዋሽንግተን ያለው ጓደኛዬ "ኢኤስቲ ማለት የእኛ ሰዓት ነው" አለኝ፣ በእሱ አስልቼ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደወል ሞላሁ። ለ13 አጥቢያ ተነስቼ ብጠብቅ ብጠብቅ ከበሮ የለ፣ ሰው የለ። በማግስቱ ቀን ከሰዓት ስከፍተው ቅጂው ተለጥፏል፣ በቀጥታ ማየት ነበር የፈለግኩት። የት ላይ ነው የሳትኩት?
እንቅልፉን የሠዋው

መልስ፦ ሁለት ቦታ። አንደኛው ስህተት የጓደኛህ ነው፣ አንድ ሰዓት ያህል። ሁለተኛው ያንተ ነው፣ እሱ አንድ ቀን ሙሉ ነው።

ከጓደኛህ እንጀምር። ኢኤስቲ በትክክለኛ ትርጉሙ ከዩቲሲ 5 ሰዓት ወደ ኋላ የሆነውን ሰዓት ነው የሚያመለክተው። ጃማይካ ዓመቱን ሙሉ እሱን ነው የምትጠቀመው፣ ስለዚህ ማስታወቂያው አልዋሸም። ዋሽንግተን ግን ሚያዝያ ላይ ኢኤስቲ ውስጥ የለችም፣ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፍታ ኢዲቲ ወደሚሉት ገብታለች። ነገር ግን አሜሪካ ያለ ሰው ሁሉ፣ የእኛም ሰዎች ጭምር፣ አፋቸው ስለለመደ ዓመቱን ሙሉ ኢኤስቲ ነው የሚሉት። ሦስት ፊደል ናት፣ ግን ማን እንደጻፋት ካላወቅክ አትመናት። እኔ በበኩሌ "በየትኛው ከተማ ሰዓት?" ብዬ ነው የምጠይቀው፣ ከተማ አይዋሽም። ለንደን ያሉ ጃማይካውያንም በዚሁ ነው የሚቸገሩት፦ ለንደን ከኪንግስተን በአንዱ ወቅት 5 ሰዓት ትቀድማለች፣ በሌላው 6።

አሁን ወዳንተ። የኪንግስተን ምሽት 7 ሰዓት፣ 2 ስንደምርበት፣ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። የቱ ሌሊት? እነሱ ሚያዝያ 13ን ገና ሊያመሹ ነው፣ እኛ ያንን ቀን ውለን አምሽተን ተኝተናል። ስለዚህ ለ14 አጥቢያ ነው። አንተ ለ13 አጥቢያ ስትነሳ ኪንግስተን ላይ ገና የ12 ምሽት ነበር፣ ከበሮውም ያልተወጠረ ይመስለኛል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ጃማይካ ከሰዓት በኋላ በፈረንጅ 4 ሰዓት ሲሞላ እኛ ጋ እኩለ ሌሊት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ዝግጅታቸው ሁሉ በእኛ የሚቀጥለው ቀን ነው።

ደግሞ እኛ ራሳችን ነገሩን እናወሳስበዋለን። "ቅዳሜ ሌሊት በ9 ሰዓት" ሲባል አንዱ የዓርቡን ሌሊት ይረዳል፣ አንዱ የቅዳሜውን። አባቶቻችን "ለእሁድ አጥቢያ" የሚሏት ግን ሁለት ትርጉም የላትም። ደወል ስትሞላም፣ ለሰው መልእክት ስትልክም እሷን ጻፍ።

በነገራችን ላይ፣ ጃንሆይ የገቡት ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ነው፣ በእነሱ ኤፕሪል 21 ቀን 1966። ራስታዎቹ ግራውኔሽን ይሉታል፣ በየዓመቱ ያከብሩታል፣ ስለዚህ ከርሞ ትክሳለህ። ለ14 አጥቢያ፣ 9 ሰዓት።

ጥያቄ፦ የተከበርክ አዘጋጅ፣ እኔና ባለቤቴ ሐምሌ ላይ ከማያሚ በመርከብ ለመዝናናት ትኬት ቆርጠናል። አንዱ መቆሚያ ጃማይካ፣ ኦቾ ሪዮስ ነው። ወረቀቱ ላይ "ሁሉም ተሳፋሪ እስከ 4፡30 ይመለስ" ይላል። ልጆቼ "እማዬ፣ ደሴቱ ላይ ሰዓቱ ሌላ ነው፣ መርከቡ ጥሏችሁ ይሄዳል" እያሉ ያስፈራሩኛል። እውነት ነው?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እትዬ፣ ልጆችዎ ሲያስፈራሩዎት በባዶ አይደለም። 4፡30 የሚለው በመርከቡ ሰዓት ነው። አንዳንዱ መርከብ የተነሳበትን ወደብ ሰዓት ይዞ ይዞራል፣ አንዳንዱ በየደሴቱ ይቀይራል፣ ይህንን ከመውረድዎ በፊት በር ላይ ያሉትን ሠራተኞች መጠየቅ አለብዎት። ሐምሌ ላይ ማያሚ ከጃማይካ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። መርከቡ የማያሚን ሰዓት እንደያዘ ከሆነ የእሱ 4፡30 ማለት ኦቾ ሪዮስ ገበያ ውስጥ ባለው ግድግዳ ሰዓት 3፡30 ነው። በግድግዳው ሰዓት 4፡15 ላይ "ገና ነው፣ 15 ደቂቃ አለን" እያሉ ሲመጡ መርከቡ ባሕር ላይ ነው።

ዋናው አታላይ ደግሞ የራስዎ ስልክ ነው። የጃማይካን ኔትወርክ ሲይዝ ምንም ሳይነግርዎት ሰዓቱን ይቀይራል። ከስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ገብተው ሰዓት በራሱ እንዳይቀየር ይዝጉት፣ ወይም ባለቤትዎ ያቺን የድሮ የእጅ ሰዓት በመርከቡ ሰዓት ሞልተው ያጥልቁ። የእጅ ሰዓት ኔትወርክ አይዝም፣ እኔ እሱን ነው የምመርጠው። በተለይ ዳንስ ሪቨር ፏፏቴ ከሄዱ፣ እዚያ ድንጋዩን እየወጡ ውሃው ሲመታዎት ሰዓት የሚባል ነገር ይረሳል።

ጉዞው ጥር ላይ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር፣ ማያሚና ጃማይካ ያኔ እኩል ናቸው። መርከቡ ወደ ሌላ ደሴት ከቀጠለ ግን እንደገና ይጠይቁ፣ "የካሪቢያን ሰዓት" የሚባል አንድ ነገር የለምና። ካይማን ደሴቶች ልክ እንደ ጃማይካ ናቸው፣ አይቀይሩም። ባሃማስ ከአሜሪካ ጋር ይቀይራል። ኩባም ትቀይራለች። ባርቤዶስና ትሪኒዳድ ከጃማይካ አንድ ሰዓት ቀድመው እዚያው ይቀመጣሉ። ዶሚኒካን ሪፐብሊክም እንደነሱ ናት፣ አንድ ደሴት የምትጋራት ሄይቲ ግን በሌላ ሰዓት ነው የምትሄደው፣ አንድ ድንበር ተሻግረው አንድ ሰዓት የሚያተርፉበት ወቅት አለ። ተርክስና ካይኮስ የሚባሉት ትንንሽ ደሴቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 መቀየር አቁመው፣ በ2018 ሐሳባቸውን ለውጠው እንደገና መቀየር ጀመሩ። ታዲያ በእነዚያ ዓመታት መካከል የታተመ የጉዞ መጽሐፍ ይዞ እዚያ የሚወርድ ሰው ምን ይበል?

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? የጃማይካ ስልክ በ+1 ነው የሚጀምረው፣ ያው እንደ አሜሪካ። ስለዚህ ሰዓታቸውም የአሜሪካ ነው ማለት ነው? ደግሞ አገሩ ሙሉ አንድ ሰዓት ነው ወይስ እንደ አሜሪካ ይከፋፈላል? አንድ ልጅ እዚያ ተዋውቄ ነው፣ ስደውልላት ሁልጊዜ ተኝታ አገኛታለሁ።
ደዋዩ

መልስ፦ +1 የስልክ መደብ ብቻ ነው፣ ስለ ሰዓት ምንም አይነግርህም። ካናዳም፣ ባርቤዶስም በእሱ ነው የሚጀምሩት። ጃማይካን የምታውቀው ከ+1 ቀጥሎ 876 ወይም 658 ሲመጣ ነው።

አገሩ ሙሉ አንድ ሰዓት ነው፣ ለመከፋፈልም አይበቃም። ከምሥራቁ ጫፍ ከሞራንት ፖይንት እስከ ምዕራቡ ጫፍ ኔግሪል ፀሐይ የምትወስደው ጊዜ 9 ደቂቃ ያህል ነው። ልጅቷ ኔግሪል ከሆነች ጀምበር ስትጠልቅ ከኪንግስተን ሰዎች ጥቂት ደቂቃ ዘግይታ ታያለች፣ ያ ነው ልዩነቱ።

ተኝታ የምታገኛት ጠዋት ስለምትደውል ነው። በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት በእሷ ሌሊት 1 ሰዓት በፈረንጅ ነው፣ ያውም ያንን ስልክ ካነሳችልህ መልካም ልጅ ናት። ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ሞክራት፣ እሷ ጋ ጠዋት 9 ሰዓት ነው።

አንድ ነገር ብቻ አስታውስ። "ሱን ከም" ካለችህ፣ አፍ ላይ "አሁን መጣሁ" ነው፣ ጃማይካ ውስጥ ግን ከአሥር ደቂቃ እስከ ማታ ድረስ ሊሆን ይችላል። ለዚያ 2 መደመር አይሠራም፣ የሐበሻ ቀጠሮ ለምዶት ላደገ ሰው ግን እንግዳ አይሆንበትም።