ተርቡን «ለዩት» ወይስ «መደቡት»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የሰብል ተባዮችን ስለሚያጠፉ ጥገኛ ተርቦች አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ተመራማሪዎች ጥገኛ ተርብ የተባለውን ዝርያ ለይተው መደቡት» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢዬ «ለይተው መደቡት ድግግሞሽ ነው፤ አንዱን አውጣ» አለኝ። «ዝርያ» የሚለውም አልተዋጠለትም። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሁለቱ ግሶች እርስዎ ትክክል ነዎት። ስለ «ዝርያ» ግን አርታኢዎ ልክ ነው።

ከግሶቹ ልጀምር። «መለየት» «ይህ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። አንድ ተርብ ተይዟል እንበል። ባለሙያው አንቴናውን፣ ወገቡን፣ የክንፉን ሥሮች በማጉያ ያያል። ከታወቁት ዝርያዎች የትኛው እንደሆነ ሲደርስበት ለየው ይባላል። «መመደብ» ደግሞ የዝምድና ጉዳይ ነው። ዝርያው በየትኛው ወገን (የሚዛመዱ ዝርያዎች ስብስብ)፣ ወገኑ በየትኛው አስተኔ (የወገኖች ስብስብ)፣ አስተኔው በየትኛው ክፍለ መደብ ሥር ይግባ የሚለው ውሳኔ ነው።

ሁለቱ ለየብቻ የሚሄዱ ለመሆናቸው አንዲት ተርብ ጥሩ ምስክር ናት። ካሳቫን የሚያጠቃ፣ ገላው ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ተባይ አለ። ከደቡብ አሜሪካ ወደ አፍሪካ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ብዙ ማሳ አጠፋ። እሱን ለመቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ1981 ናይጄሪያ ውስጥ እጯ በተባዩ ገላ ውስጥ የሚያድግ አንዲት ትንሽ ጥገኛ ተርብ ተለቀቀች። በተለያየ ጊዜ የታተሙ ጽሑፎችን ቢያገላብጡ ይህችው ተርብ ኤፒዲኖካርሲስ ሎፔዚ፣ አፖአናጊረስ ሎፔዚ፣ አናጊረስ ሎፔዚ ተብላ ያገኟታል። ተርቧ አልተለወጠችም። ማንነቷም አልጠፋም። የተለወጠው የገባችበት ወገን ነው። ስለዚህ «ዝርያዋ ያው ነው፤ ምደባዋ ተሻሻለ» እንላለን። ሁለቱን ግሶች አንድ ካደረግናቸው ይህን ዓረፍተ ነገር የምንጽፍበት መንገድ የለንም።

መለየት ሲሳሳት ምን እንደሚመጣም ከዚሁ ታሪክ ይታያል። ተመራማሪዎች የተባዩን የተፈጥሮ ጠላት ፍለጋ መጀመሪያ ወደ ሰሜናዊው ደቡብ አሜሪካ ሄዱ። እዚያ በጣም የሚመሳሰል ተባይ አገኙ። ግን ሌላ ዝርያ ነበር። ከእሱ የተሰበሰቡት ተርቦች አፍሪካ የገባውን ተባይ መራቢያ ሊያደርጉት አልቻሉም። እውነተኛው ተባይ ፓራጓይ ውስጥ እስኪገኝ ድረስ ሥራው ወደፊት አልሄደም። እዚህ ላይ የጎደለው መለየት እንጂ መመደብ አይደለም።

በአጻጻፍ ረገድ «ለየ» ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በአጠገቡ በሚቆመው ቃል ትርጉሙ ይዞራል። «‹ሀ›ን ከ‹ለ› ለየ» ሲሉ ልዩነታቸውን አወቀ ማለት ነው። «ዝርያውን ለየ» ሲሉ ማንነቱን አረጋገጠ ማለት ነው። «አዲስ ዝርያ ተለየ» የሚለው ግን አይመቸኝም። ተገኘ ማለት ነው? ከሌላው ተነጠለ ማለት ነው? ሳይንስ የማያውቀው ዝርያ ከሆነ ገና ስም የለውም፤ ስለዚህ «ለዩት» አይባልም። ተመራማሪው አካሉን በዝርዝር ጽፎ፣ ስም አውጥቶ ያሳትመዋል። ለዚህ «አዲስ ዝርያ ገለጹ» ወይም «ገልጸው ስም አወጡለት» ቢሉ ነገሩ ይጠራል።

«እስከ» የምትለውን ቃል ደግሞ አይርሷት። መለየት ደረጃ አለው። ኢክኒውሞኒዴ እና ብራኮኒዴ የሚባሉ ሁለት ሰፋፊ የጥገኛ ተርቦች አስተኔዎች አሉ። ሲታዩ እጅግ ይመሳሰላሉ። ዋናው መለያ የፊተኛው ክንፍ ነው። በኢክኒውሞኒዴ ክንፍ ላይ አብዛኛውን ጊዜ «ወደ ኋላ ተመላሽ» የሚባሉ ሁለት የክንፍ ሥሮች ይታያሉ፤ በብራኮኒዴ አንድ ብቻ። ይህን ያየ ሰው ተርቡን እስከ አስተኔው አድርሶታል፣ ዝርያውን ግን ገና አላወቀም። እንዲያውም አንዳንዴ እስከ ዝርያው መድረስ አይቻልም። ትሪኮግራማ የሚባሉት ተርቦች ከ1 ሚሊሜትር ያንሳሉ። ዝርያቸውን በመልክ ለመለየት የሚረዳው ዋና ምልክት የወንዱ የመራቢያ አካል ነው። የተገኘችው እንስት ብቻ ከሆነች ባለሙያው «እስከ ወገን ተለይቷል» ብሎ ሊያቆም ይችላል። ይህ ድክመት አይደለም፤ ታማኝነት ነው። እርስዎም ሲጽፉ «ተለየ» ብለው አይለፉ፤ እስከ የት እንደሆነ ይንገሩን።

አሁን ወደ «ዝርያ» እንምጣ። ችግሩ «ጥገኛ ተርብ» የአንድ ዝርያ ስም አለመሆኑ ነው። የአንድ ወገን ወይም የአንድ አስተኔ ስምም አይደለም። የአኗኗር ስም ነው። ኢክኒውሞኒዴ ብቻውን 25,000 ያህል የተገለጹ ዝርያዎች አሉት። ስለዚህ «ጥገኛ ተርብ የተባለው ዝርያ» ማለት «በራሪ የተባለው ወፍ» እንደማለት ነው። «ከጥገኛ ተርቦች አንዱ የሆነውን ዝርያ» ይበሉ፤ ወይም ስሙን ይጥሩ።

«ዝርያ» ራሱ ብዙ ሥራ የበዛበት ቃል ነው። የስንዴ ዝርያ እንላለን፣ የውሻ ዝርያ እንላለን። እነዚህ በሳይንሱ አነጋገር በአንድ ዝርያ ውስጥ ያሉ ልዩነቶች ናቸው። በነፍሳት ጽሑፍ ውስጥ ቃሉን ለአንድ ደረጃ ብቻ ያቆዩት። «መደብ»ም እንዲሁ ነው። ነፍሳት በሙሉ አንድ መደብ ናቸው። ተርብ፣ ንብና ጉንዳን የሚገቡበት ሃይሜኖፕቴራ ደግሞ ክፍለ መደብ ነው። ስለዚህ ጥቂት ተርቦችን «አንድ መደብ» ብሎ መጥራት ያሳስታል፤ «ቡድን» ይበቃል።

ስለ «ጥገኛ» ባይጠይቁኝም አንድ ነገር ልበል። የአንጀት ትል ጥገኛ ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተጠጋውን አይገድልም። የእነዚህ ተርቦች እጭ ግን ያደገበትን ነፍሳት በመጨረሻ ይገድለዋል። ለዚህ ነው ፊንላንዳዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሮይተር እ.ኤ.አ. በ1913 ፓራሲቶይድ የሚለውን ለብቻ ያወጣው። «ጥገኛ ተርብ» በአንባቢ ዘንድ ስለተለመደ ይቆይ እላለሁ። ነገር ግን መጀመሪያ ሲጠሩት «ያደገበትን የሚገድል» የሚል ሐረግ ያክሉበት። ተርቡ ሰብል የሚጠብቀው በዚህ ባሕርዩ ነውና ሐረጉ ጌጥ አይደለም።

ዓረፍተ ነገርዎ እንግዲህ እንዲህ ቢሆንስ፦ «ተመራማሪዎች ከጥገኛ ተርቦች አንዱን እስከ ዝርያው ለይተው፣ በብራኮኒዴ አስተኔ ሥር መደቡት።» አስተኔውን እንደ ተርብዎ ይቀይሩታል።

የቀረው የስም አጻጻፍ ነው። ሳይንሳዊ ስም ሁለት ቃል ነው፤ የመጀመሪያው የወገኑ፣ ሁለተኛው የዝርያው። በላቲን ፊደል የመጀመሪያው በትልቅ ፊደል ስለሚጀምር ወዲያው ይታወቃል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አይንኩ፤ መጀመሪያ ሲጠሩትም ሁለቱንም ቃል ሙሉ ይጻፉ፤ ለምሳሌ የአንዲት ጥገኛ ተርብ ስም፦ ኮቴሲያ ፍላቪፔስ። ከዚያ በኋላ «ኮ. ፍላቪፔስ» ማለት ይችላሉ። ሁለተኛውን ቃል ብቻውን ግን አይተዉት። ፍላቪፔስ «ባለ ቢጫ እግር» ማለት ነው፤ ሬቲኩሊተርመስ ፍላቪፔስ የሚባል ምስጥም አለ። ወደ አማርኛ ተርጉመው «ባለ ቢጫ እግሩ ተርብ» ካሉትማ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይገኝም።