ግዴታው ቢሻር በቆሎው ወዴት ይሄዳል?

አንዲት ወጣት መሐንዲስ በቅርቡ «አሜሪካ ቤንዚን ላይ ኤታኖል የተባለው ከበቆሎ የሚሠራ አልኮል እንዲቀላቀል የሚያስገድደውን ሕግ ብትሽር የእህል ዋጋ ወዲያው አይረክስም ወይ?» ብላ ጻፈችልኝ። ጥያቄዋ ስንት ዓመት ያላወለቅሁትን ቁጭት ስለቀሰቀሰብኝ፣ መልሴን ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ ሁሉ አድርጌዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2012 እዚያው አሜሪካ በአንድ ነዳጅ አከፋፋይ ድርጅት የጥራት ላቦራቶሪ እሠራ ነበር። ድርቅ የበቆሎውን እርሻ ስላቃጠለው በኦገስት የአንድ ቡሼል (25 ኪሎ ያህል) ዋጋ ከ8 ዶላር አልፎ፣ የበርካታ ክፍለ ግዛቶች ገዥዎች የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ግዴታውን ለጊዜው እንዲያነሣ አመልክተው ነበር። በዚያ ሰሞን ድርጅቱ በጠራው ስብሰባ ላይ ከብት የሚያደልቡ አንድ አዛውንት ተነሥተው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ሕጉ ነገ ቢነሣ ለከብቶቼ ስንት በቆሎ ይመለስልኛል?» ሲሉ ጠየቁ። አንዱ ስለ ገበሬው ውለታ፣ ሌላው ስለ ነፃ ገበያ፣ ሦስተኛው ከውጭ ስለሚገባ ነዳጅ ጥገኝነት ረዘም ያለ ንግግር አደረገ፤ ጥያቄውን የነካ ግን አልነበረም። ከኋላ የተቀመጥነው የላቦራቶሪ ሰዎች መልሱ በእጃችን ነበር፤ ሆኖም ሰብሳቢው ሰዓቱ መድረሱን ተናግሮ ስብሰባውን ዘጋ። ሰውየው መኖ መግዛት አቅቷቸው መንጋውን በርካሽ መሸጣቸውን በኋላ ሰማሁ።

ያልተነገራቸው መልስ «በቅርቡ እጅግ ጥቂት» የሚል ነበር። ማጣሪያዎቹ ሥራቸውን ያደራጁት 84 ኦክቴን (ቤንዚኑ በሞተር ውስጥ ያለጊዜው መፈንዳትን የሚቋቋምበት ልክ) ያለው ቤንዚን አምርተው፣ 10 በመቶ ኤታኖል ሲጨመርበት ለመደበኛው ቤንዚን የሚፈለገው 87 እንዲደርስ አድርገው ነው። ቀድሞ ኦክቴን ከፍ ያደርግ የነበረው እርሳስ በመርዝነቱ ቀርቷል፤ ለዚሁ ይጨመር የነበረው ኤምቲቢኢ የተባለ ኬሚካልም ከማደያ ታንኮች እየሾለከ የከርሰ ምድር ውኃ ስለበከለ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ታግዷል። (የዚያን ውኃ ሽታ አንድ ጊዜ ያሸተተ ሰው አይረሳውም።) ስለዚህ ሕጉ ቢነሣም ማጣሪያው ኤታኖል መግዛቱን አይተውም። ኤጀንሲውም በኖቬምበር የገዥዎቹን ማመልከቻ ውድቅ ሲያደርግ ያቀረበው ምክንያት ይኸው ነበር።

እናንተ ወጣቶች ቁጥር ለማግኘት ከእኛ ይልቅ ፈጣኖች ናችሁ፤ ለመወገንም እንዲሁ። ከአሜሪካ በቆሎ 40 በመቶ ያህሉ ወደ ኤታኖል ፋብሪካ እንደሚሄድ ትጠቅሳላችሁ፤ ከዚያው በቆሎ በክብደት ሲሶ የሚጠጋው ተረፈ ምርት ለከብት መኖ እንደሚመለስ ግን ሲነገር የምሰማው ከስንት አንዴ ነው።

ኤታኖሉ በራሱ የሚፈለግ ከሆነ ግዴታው ለምን አስፈለገ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ እኔም ቢሻር አላዝንም፤ የምቃወመው ለከብት አርቢ በዚህ ሰበብ የርካሽ በቆሎ ተስፋ መስጠትን ነው። መጀመሪያ መሻር የነበረበት ግን ሌላው አንቀጽ ነው። የ2007ቱ ሕግ በ2022 ከታሰበው 36 ቢሊዮን ጋሎን ከዕፅዋት የሚሠራ ነዳጅ ውስጥ 16 ቢሊዮኑ ከበቆሎ አገዳ፣ ከገለባና ከእንጨት ተረፈ ምርት እንዲገኝ ደንግጎ ነበር። ፋብሪካዎቹ ስላልነበሩ ኤጀንሲው የዚህን ነዳጅ የ2010 ኮታ ከ100 ሚሊዮን ጋሎን ወደ 6.5 ሚሊዮን አወረደው፤ ነዳጁን ከገበያ ያላገኙ ማጣሪያዎችም በምትኩ ከመንግሥት የማካካሻ ሰነድ እንዲገዙ ይጠየቁ ነበር። በጃንዋሪ 2013 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የ2012ቱን ኮታ ሲሽር፣ የኤጀንሲው የምርት ትንበያ ምርቱን ለማበረታታት ተብሎ መጋነን እንደሌለበት ገለጸ፤ የወደፊቱ ኮታ የተጻፈበት ሕግ ግን ባለበት ቆየ።