ዘር ውስጥ ዝም የሚሰኙ ዘረመሎች፦ ጥያቄና መልስ

አራት ኪሎ አካባቢ የሚሰበሰበው የንባብ ቡድናችን አባላት ስለ ትናንሽ አር ኤን ኤዎች (ከዲ ኤን ኤ የሚቀዱ አጫጭር ሞለኪውሎች) እና ስለ ዘር ዕድገት ላነሷቸው ጥያቄዎች፣ በዕፅዋት ዘረመል ላይ የሚሠሩ አባላችን የሚከተሉትን መልሶች ሰጥተዋል።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዘረመል «ዝም ተሰኘ» ሲባል ጠፋ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ዘረመሉ በቦታው እያለ ወይ ከእሱ የተቀዳው የአር ኤን ኤ መልእክት ይቆረጣል፣ ወይ ዲ ኤን ኤው በኬሚካል ምልክት ይታሸጋል። በዕፅዋት ዘንድ የመጀመሪያውን ሥራ በብዛት የሚሠሩት 21 ኑክሊዮታይድ (የአር ኤን ኤ «ፊደል») ገደማ ርዝመት ያላቸው ማይክሮ አር ኤን ኤዎች ሲሆኑ፣ እሽጉን የሚመሩት ደግሞ ባለ 24ቶቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ እንዴት ተደረሰበት?

መልስ፦ በ1990 እ.ኤ.አ. የፔቱኒያ አበባን ሐምራዊ ቀለም ለማድመቅ ተጨማሪ የቀለም ዘረመል ቢገባበት አንዳንዱ አበባ ጭራሽ ነጭ ሆኖ ወጣ። ትናንሾቹ አር ኤን ኤዎች በዕፅዋት ውስጥ የታዩት በ1999 ነው።

ጥያቄ፦ ዘር ላይ ሲደርስ ነገሩ ለምን ይወሳሰባል?

መልስ፦ ሁለት ጽንሶች ጎን ለጎን ስላሉ ነው። ከአበባው ብናኝ የሚመጡት ሁለት ወንዴ ሴሎች አንደኛው ከእንቁላሏ ጋር ተዋሕዶ ሽሉን ሲያስገኝ፣ ሌላው ማእከላዊውን ሴል አጽንሶ ኢንዶስፐርም የተባለውን የምግብ ክፍል ያስገኛል። ጥሬ ቡና ለሁለት ቢሰነጥቁ የሚያዩት ጠንካራ አካል በአብዛኛው ይኸው ኢንዶስፐርም ነው፤ ሽሉ ከአንድ ጫፍ የተሸጎጠ ደቃቅ ነገር ነው። ባቄላ ላይ ግን አይፈልጉት፣ ሽሉ ቀድሞ ጨርሶታል።

በአብዛኞቹ ባለአበባ ዕፅዋት ኢንዶስፐርሙ ከእናት ሁለት፣ ከአባት አንድ እጅ የክሮሞዞም ስብስብ ይወርሳል፤ አንዳንድ ዘረመሎችም ከእናት ሲመጡ ይሠራሉ፣ ከአባት ሲመጡ ዝም ይላሉ፣ ወይም በተገላቢጦሽ። ይህ በ1970 በበቆሎ ላይ የታየ ነው። የአባት እጅ በእጥፍ ሲጨምር በአራቢዶፕሲስ (ተመራማሪዎች በብዛት በሚሞክሩባት ትንሽ ተክል) ኢንዶስፐርሙ በጊዜው ሴሎቹን በግድግዳ መለየት ያቅተውና ዘሩ ተጨማድዶ ይቀራል። ለእኔ ከሁሉ አስገራሚው የሚከተለው ነው፦ በብናኙ በኩል የትናንሾቹ አር ኤን ኤዎች ምንጭ የሆነው ፖሊመሬዝ አራት የተባለው ኢንዛይም ሲጎድል፣ ሊጨማደዱ ከነበሩት ዘሮች ብዙዎቹ ይድናሉ።

ጥያቄ፦ ሽሉ ራሱስ?

መልስ፦ ማይክሮ አር ኤን ኤን ከረጅም አር ኤን ኤ ቆርጦ የሚያወጣው ዳይሰር ላይክ 1 የተባለው ኢንዛይም ጨርሶ ከጠፋ፣ ለብስለት የታሰቡ ዘረመሎች ያለጊዜያቸው ይነሣሉ፤ ሽሉም ገና ድቡልቡል እንዳለ ይቆማል።

ጥያቄ፦ ታዲያ በዚህ መንገድ የጤፍን ፍሬ ማተለቅ ይቻላል?

መልስ፦ ጤፍ ባለ 40 ክሮሞዞም ቴትራፕሎይድ (አራት እጅ የክሮሞዞም ስብስብ ያለው) በመሆኑ ብዙዎቹ ዘረመሎቹ በሁለት ተቀራራቢ ቅጂ ይገኛሉ፤ አንዱን ቢያበላሹ ሌላው ሊሸፍንለት ይችላል። ለሁለቱም የሚስማማ ትንሽ አር ኤን ኤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ዝም ሊያሰኝ ስለሚችል ዘዴው ይመቻል፤ ሆኖም የሚመሳሰል ሦስተኛ ዘረመልንም ሊነካ ይችላል። እኔ ብጠየቅ ግን ከፍሬው ትልቀት በፊት የአገዳውን መጋደም መከላከልን አስቀድማለሁ።