ብቻችሁን ኢሞ ለምትቀዱ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው መኝታ ቤታችሁ ውስጥ ማይክ ተክላችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ፣ ብቻችሁን ዘፈን ለምትቀዱት ነው። ሥራዬ ድምፅ ነው። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ለሠርጉም፣ ለእንቁጣጣሹ ኮንሰርትም፣ ለክለቡም ሚክሰር ላይ ስቆም ፀጉሬ ሸብቷል። ቅጂያችሁን ልካችሁ አስተያየት ስትጠይቁኝ «ጋሼ፣ ስታይሉ ኢሞ ነው» ትሉኛላችሁ፤ የውስጥ ስሜትና ሐዘን በጩኸት የሚወጣበት የሮክ ሙዚቃ ማለታችሁ ነው። ወላጆቻችሁ ደግሞ ለብቻ ይደውሉና «ይሄን ልጅ ምን ነካው?» ይሉኛል። ለእነሱ ሌላ ቀን እመልሳለሁ፤ ዛሬ የእናንተ ተራ ነው። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ።

ብዙዎቻችሁ ኢሞ በ2000ዎቹ ኩል ከተቀቡ ልጆች ጋር ቴሌቪዥን ላይ የተወለደ ይመስላችኋል። የተወለደው ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቀድሞ፣ እዚሁ ዲሲ ነው፤ መነሻውም ፓንክ የሚባለው ፈጣንና ጯኺ የሮክ ሙዚቃ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ባድ ብሬይንስ የሚባሉ አራት ጥቁር ወጣቶች ነበሩ። ጃዝ ፊውዥን፣ ማለትም ከሮክ ጋር የተቀየጠ ጃዝ፣ ሲጫወቱ ቆይተው ፓንክን ሰሙና ማንም በማይደርስበት ፍጥነት ይጫወቱት ጀመር። ቀጥለው ራስ ተፈሪያን ሆኑ። በአንድ ምሽት ጆሮ የሚበጥስ ፓንክና የተረጋጋ ሬጌ ያፈራርቃሉ፣ የጃንሆይንም ስም ያነሳሉ። ከተጫወቱባቸው ቦታዎች አንዱ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር፣ 18ኛው መንገድ ላይ የነበረ የሠዓሊዎች የጋራ ቤት ነው። ዲሲ የቆየ ሐበሻ ያን መንገድ አይስተውም፤ በ1980ዎቹ የእኛ ምግብ ቤቶች የተደረደሩት እዚያው ነው። እኛ ሻንጣችንን ይዘን ሳንደርስ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩ ቀድሞን ደርሶ ነበር ስል ልጆቼ ይስቁብኛል።

ባድ ብሬይንስን እያዩ ካደጉት የከተማው ልጆች መካከል ኢያን መካይና ጄፍ ኔልሰን ይገኙበታል። በ1980፣ ገና ከሁለተኛ ደረጃ ሲወጡ፣ የፈረሰ ባንዳቸውን ሥራ ለማውጣት ዲስኮርድ የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ አቋቋሙ። ባንዱ ባጠራቀማት ገንዘብ ሸክላውን አስቀረጹ። ማቀፊያውን በመቀስ ቆርጠው፣ አጥፈው፣ በሙጫ አጣበቁት፤ ጓደኛም ጠርተው አገዛቸው። ፈቃድ የሰጣቸው የለም፤ እነሱም አልጠየቁም።

ይህ ሃርድኮር የሚባለው ፈጣን ፓንክ ቶሎ ተበላሸ። በ1984 ገደማ ከዘፈኑ ይልቅ ቡጢውን ፈልጎ የሚመጣው በዛ። የቀደሙት ልጆች ተሰባሰቡና የ1985ን የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴ ወራት «የአብዮት በጋ» ብለው ሰየሙ፤ አዳዲስ ባንዶችም ይዘው ወጡ። ከሁሉም በላይ ስሙ የሚነሳው ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ ነው። ድምፃዊው ጋይ ፒቾቶ እንደ ሌሎቹ መንግሥትን አይሳደብም፤ ስለ ቀረ ጓደኝነት፣ ስለ ጸጸት፣ ስላለፈ ጊዜ ነበር የሚጮኸው። ጩኸቱ መሐል ላይ ድምፁ ይሰነጠቃል። ጊታር ይሰባበራል፤ ከታዳሚው የሚያለቅስም ነበር ይባላል።

እኔ በዚያ ዘመን እዚያው አካባቢ ሳህን አጥብ ነበር፤ አንዱንም ዝግጅት አላየሁም። የሰማሁት ኋላ አብረውኝ ከሠሩ የድምፅ ሰዎች ነው። አልበሙን ግን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። በ1985 የተቀዳው አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ፣ ኢነር ኢር በሚባል ስቱዲዮ ነው። ስቱዲዮ ስላችሁ መስታወትና ምንጣፍ እንዳታስቡ፤ ዶን ዚየንታራ የሚባል ሰው መኖሪያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ያደራጀው ክፍል ነው። ፕሮዲውሰሩ መካይ ነበር። በባለሙያ ጆሮ ስሰማው ጊታሩ ከመጠን በላይ ይጮኻል፣ ድምፁም በየቦታው ከቅኝት ይወጣል። አንዱንም ባይነኩት ትክክል ነበሩ። እናንተ ዛሬ ላፕቶፓችሁ ላይ ያለው ፕሮግራም በብዙ ነገር ከዚያ ምድር ቤት ይበልጣል። የሌላችሁ አንድ ነገር ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው።

ደብዳቤውን የምጽፈውም ለዚህ ነው። ያ ሙዚቃ ስለ ብቸኝነት ይዘፍን እንጂ በብቸኝነት አልተሠራም። በዚያው በ1985 እነዚሁ ልጆች ደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ ፊት ለፊት ከበሮና ጣሳ እየደበደቡ አፓርታይድን ይቃወሙ ነበር። ፖዚቲቭ ፎርስ የሚባል የወጣቶች ስብስብ ያኔ ተመሥርቶ ለድሆችና ለቤት አልባዎች ገንዘብ የሚሰበሰብባቸው ዝግጅቶች ያሰናዳ ነበር። ማታ ስለ ራሱ ሐዘን የሚያለቅሰው ልጅ ቀን ላይ ለማያውቀው ሰው ከበሮ ይመታል ማለት ነው። ሁለቱ ሲለያዩ ምን እንደሚመጣ ወደ ኋላ ላይ ታዩታላችሁ።

ስሙን ያወጡት ሙዚቀኞቹ አይደሉም። ስሜት የበዛበት ሃርድኮር ለማለት «ኢሞኮር» የሚለው ቃል መጽሔት ላይ ወጣ፤ መካይ መድረክ ላይ ቆሞ አፌዘበት። እስከ ዛሬ ኢሞ ከተባሉት ታላላቅ ባንዶች ስሙን ወዶ የተቀበለ ጥቂት ነው። ስለዚህ «ይሄ ኢሞ ነው፣ ያ አይደለም» እያላችሁ ስትጨቃጨቁ ሳይ ትንሽ ታስቁኛላችሁ።

ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው የቆየው። ፒቾቶና መካይ ኋላ ፉጋዚ በሚባለው ባንድ ተገናኙ። የፉጋዚ መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ 5 ዶላር ነበር፤ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅም ይገባል። ሰው የሚማታ ሲያዩ ዘፈኑን አቁመው 5 ዶላሩን በፖስታ መልሰው ያስወጡት ነበር። ብዙ የመድረክ አዘጋጅ አይቻለሁ፤ ታዳሚውን እንዲህ የሚጠብቅ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም።

በ1990ዎቹ ነገሩ ከዲሲ ወጣ። ሲያትል ላይ ሰኒ ዴይ ሪል ኢስቴት በ1994 የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ፤ ከዚያ ካንሳስ ሲቲ፣ ሚልዎኪ፣ ቺካጎ፣ ቴክሳስ። ጩኸቱ ቀነሰ፣ ዜማው ጨመረ። ከዚህ ዘመን አንዱን ብቻ ላንሳ፤ ለእናንተ የሚሆን ነውና። አሜሪካን ፉትቦል የተባሉ ሦስት ተማሪዎች ነበሩ፣ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ያሉ። በ1999 አንድ አልበም ቀዱ። ጊታሩ ያልተለመደ ቅኝት አለው፤ ከበሮ መቺው ጥሩምባም ይነፋል። ትምህርት ሲያልቅ ባንዱም አለቀ፤ እያንዳንዱ ወደየሥራው ሄደ። አልበሙ ግን በኢንተርኔት ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ያልሰማው ልጅ ጠፋ። በ2014 እንደገና ሲታተም ሰዎቹ ተመልሰው መድረክ ላይ ወጡ። ሽፋኑ ላይ ያለው ተራ የተማሪ ቤት፣ ኧርባና ከተማ ያለው፣ ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ ፎቶ የሚነሳበት ሆነ፤ በ2023 ባንዱና አሳታሚው ከሌሎች ጋር ሆነው እንዳይፈርስ ገዙት። በሁለተኛው ቀን «ስንት ሰው ሰማኝ?» ብላችሁ ዘፈናችሁን ከኢንተርኔት የምታነሱት፣ ይህን አስቡ።

ጂሚ ኢት ወርልድ የሚባለው ባንድ የአሪዞና ልጆች ናቸው። ትልቁ የሙዚቃ ኩባንያ ሲያሰናብታቸው በራሳቸው ገንዘብ አዲስ አልበም ቀዱ፤ በ2001 ወጥቶ በአገሩ ሬዲዮ ሁሉ ተሰማ። ጆውብሬከር የሚባለው ባንድ ደግሞ በተቃራኒው፣ በ1995 ከትልቅ ኩባንያ ጋር አልበም በማውጣቱ የገዛ አድናቂዎቹ ፊታቸውን አዞሩበትና በዓመቱ ፈረሰ። አድናቂ አንዳንዴ ከነጋዴ ይከፋል፤ ይህን ሳውቅ ቆይቻለሁ።

ከዚያ እናንተ የምታውቁት ዘመን መጣ። ኒው ጀርሲና ሎንግ አይላንድ የኢሞ መዲና ሆኑ። ጄራርድ ዌይ ኒው ዮርክ ውስጥ ሲሠራ የመስከረም 11ን ጥቃት በዓይኑ አይቶ፣ ሕይወቴን ምን ላድርጋት ብሎ ማይ ኬሚካል ሮማንስ የተባለውን ባንድ መሠረተ፤ በ2004ና በ2006 ያወጧቸው አልበሞች ዓለምን አዳረሱ። ፎል አውት ቦይ ከቺካጎ፣ ፓራሞር ከቴኔሲ ተከተሉ። ማይስፔስ የሚባለው ማኅበራዊ ድረ ገጽ በ2003 ተከፍቶ ነበርና ልጆቹ ዘፈኑንም ፎቶውንም እዚያ ይለጥፉ ጀመር። አንድ ዓይን የሚጋርድ ፀጉር፣ ጥቁር ኩል፣ እግር ላይ የተጣበቀ ጂንስ፣ ብረት የተመታበት ቀበቶ። ሁሉም ገበያ ማዕከል ውስጥ ተሰቅሎ ይሸጣል። አልከፋበትም፤ ወጣት መልበስ ይወዳል። የሚከፋኝ ሐዘኑም አብሮ ተሰፍቶ መሸጡ ነው፤ የለበሰ ሁሉ ማዘን ያለበት መሰለው።

ወንዶች ልጆች፣ ይህን ለእናንተ በተለይ። በ2003 ጄሲካ ሆፐር የተባለች ጸሐፊ ፓንክ ፕላኔት መጽሔት ላይ የጻፈችው ትችት እስከ ዛሬ ይነበባል። በእነዚህ ዘፈኖች ሴት ልጅ ስም የላት፣ ሐሳብ የላት፤ የወንዱን ልብ ለመስበር ብቻ ትገባለች፣ ጥፋተኛም ሆና ትወጣለች ነው ያለችው። እውነቷን ነው። የምትልኩልኝን ግጥም ሳነብ ይኸው ነገር አለ። የፓራሞሯ ሄይሊ ዊሊያምስ እንኳ በልጅነቷ ሌላዋን ሴት የሰደበችበትን ታዋቂ ዘፈኗን በ2018 ከመድረክ አውርዳዋለች፤ እንደገና የዘፈነችው በ2022 ነው። ተናዳችሁ የጻፋችሁትን ግጥም ለእህታችሁ አንብቡላት፤ ፊቷን እያያችሁ።

ትልልቆቹ ደግሞ ልብሱን ፈሩ። በመጋቢት 2008 ሜክሲኮ፣ ኬሬታሮ ከተማ ውስጥ ወጣቶች ተሰባስበው የኢሞ ልጆችን አደባባይ ላይ ደበደቡ። በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ አንድ ጋዜጣ ሙዚቃውን ራስን ከማጥፋት ጋር ሲያያይዝ አድናቂዎቹ ቢሮው ደጃፍ ሰልፍ ወጡ፤ ራሺያ ውስጥ አለባበሱን ከትምህርት ቤት ለማገድ ሐሳብ ቀረበ። የከፋው ኢራቅ ነው። በ2012 መጀመሪያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ኢሞን ከሰይጣን አምልኮ ጋር አገናኝቶ መግለጫ ካወጣ በኋላ ባግዳድ ውስጥ በፀጉራቸውና በልብሳቸው የተጠረጠሩ ወጣቶች ተገደሉ። በዚህ ሁሉ ግርግር ልጁን ቁጭ አድርጎ «ምን ሆነህ ነው?» ያለው ጥቂት ነበር።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልግባ። ራፐሩን ሊል ፒፕን ትወዱታላችሁ፤ እኔም ጆሮ ነበረው እላለሁ። የድሮዎቹን የኢሞ ጊታሮች ወስዶ ራፕ ሥር አነጠፋቸው፤ ብዙውን መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ በላፕቶፕና በአንድ ማይክ ነበር የሠራው። ጁስ ወርልድም በዚሁ መንገድ ሄደ። ፒፕ በኅዳር 2017፣ ጁስ ወርልድ በታኅሣሥ 2019 ሞቱ። ሁለቱም 21 ዓመታቸው ነበር፤ አንዱ ልደቱን ካከበረ ሁለት ሳምንት፣ ሌላው ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ሁለቱንም የገደላቸው መድኃኒት ነው፤ ፒፕን ፌንታኒል የሚባለው ኃይለኛ ማደንዘዣና ዛናክስ የሚባለው የጭንቀት ክኒን፣ ጁስ ወርልድን ኦክሲኮዶንና ኮዴይን የሚባሉ የሕመም ማስታገሻዎች። ዘፈናቸው ውስጥ ሁሉን ነግረውን ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው አብሮ ዘፈነው።

ስቱዲዮ ውስጥ የራሴ ልማድ አለኝ። አንድ ልጅ «መኖር ሰልችቶኛል» የሚል መስመር ሲቀዳ ማሽኑን አጠፋና የራስህ ነው ወይስ የገጸ ባሕርይ? ብዬ እጠይቀዋለሁ። መጠየቅ ሐሳቡን ጭንቅላቱ ውስጥ አይከትበትም፤ ባለሙያዎቹም የሚሉት ይህንኑ ነው። አብዛኛው ይስቅና «ዘፈን ነው፣ ጋሼ» ይላል። ያልሳቀ ካለ ያን ቀን ቀረጻ የለም። ቡና እንጠጣለን፣ ከዚያ የሚያናግረው ሰው አብረን እንፈልጋለን። እናንተም ለጓደኛችሁ እንዲሁ አድርጉ። አሜሪካ ያላችሁ ከ2022 ጀምሮ ለጭንቅ ጊዜ በተዘጋጀው 988 ብትደውሉ ሌሊትም ሰው ያነሳል። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታልን የስድብ ስም ማድረግ ተዉ፤ ሰው የሚታከምበት ቤት ነው። ከመንገድ የተገዛ ክኒን የሚባል ነገር አትንኩ፤ ፌንታኒል ተቀላቅሎበት እንደሆነ በዓይን አይለይም።

ስለ ሥራው የቀረኝ ትንሽ ነው። ዋናውን ቅጂ ራሳችሁ ጋ አስቀምጡ፤ ግጥም፣ ዜማና ቢት የሠራው ማን እንደሆነ ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት በወረቀት ጽፋችሁ ተፈራረሙ፣ ጓደኛም ቢሆን። ዲሲ የምትኖሩ ማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የዲሲ ፓንክ መዝገብ አለ፤ በፎቶ ኮፒ የተባዙትን በራሪ ወረቀቶች አገላብጡ። ሲቀዳ አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ይኑር፤ ሙዚቃ ባያውቅም ግድ የለም፣ «እስቲ ድገመው» የሚል ይሁን። ለእኔ ስትልኩልኝ ደግሞ አስተካክላችሁ፣ ቅኝት የሚያርመውን አውቶ ቲዩን ጭናችሁ አትላኩ። ጥሬውን ላኩልኝ፤ ድምፃችሁ የተሰነጠቀባትን ቦታ ሳትቆርጡ።