ልጅዎ ብሊዛርድ ወዳለበት ትንሽ ከተማ ሲሄድ

እናታችን፣ ጥያቄዎን አነበብኩት። ልጅዎ ዲቪ ደርሶት ከገና በኋላ ሚኒሶታ ውስጥ ወዳለች ትንሽ ከተማ ሊሄድ ነው። ብሊዛርድ የሚባለው የበረዶ ማዕበል ሰው ይገድላል ሲባል ሰምተው እንቅልፍ አጥተዋል። «እዚያ ሰው እንዴት ይኖራል? ልጄስ ብቻውን ምን ይሆናል?» ብለዋል። እኔ ዛሬ እዚሁ አዳማ ነው የምኖረው። ከዚያ በፊት ግን በደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። የማውቀውን ልንገርዎት።

የሰሙት ወሬ ውሸት አይደለም። ይገድላል። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን ውጭ የተገኘ ሰው ነው። በረዶ ብዙ ስለጣለ ብቻ ብሊዛርድ አይባልም። ዋናው ንፋሱ ነው። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት ብሊዛርድ የሚለው ንፋሱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ሲነፍስ፣ ከ400 ሜትር ወዲያ ማየት ሲያቅት፣ ይሄም ቢያንስ 3 ሰዓት ሲቆይ ነው። ከሰማይ ምንም ሳይወርድም ሊነሳ ይችላል። ቀድሞ ሜዳው ላይ የተኛውን በረዶ ንፋሱ ያነሳዋል። በበጋ አዳማ ላይ አቧራው ተነስቶ ከፊት ያለውን ሰው ሲጋርድብዎ አይተው የለ? እሱን ነጭ አድርገው ያስቡት። ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ሲነፍስም ያስቡት። ከእኛ ከተማ ወጣ ሲሉ ኮረብታው ላይ እንደሚታዩት ያሉ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚያም ባፋሎ ሪጅ በሚባለው ከፍታ ላይ ተደርድረዋል። ንፋሱ አገር የለመደው ነው።

ብርዱም ቢሆን ከንፋሱ ጋር ሲሆን ሌላ ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ያ ንፋስ ሲጨመርበት ገላ ላይ ከዜሮ በታች 33 ሆኖ ይሰማል። ያልተሸፈነ ጆሮ፣ አፍንጫ ወይም ጣት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሊሞት ይችላል። ቆዳው ይነጣል፣ ይደነዝዛል። እንዲህ ከሆነ ማሸትም እሳት ላይ መያዝም የለበትም። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሮ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ብቻውን ምን ይሆናል» ላሉት መልሴ፣ ብቻውን እንዳይሆን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ መሥራት አለበት ነው። ፈረንጅ ጎረቤቱን አያውቅም የሚባለው ለእነዚህ ትንንሽ ከተሞች አይሠራም። አንድ ነገር ልጥቀስልዎት። እዚያ ገጠር ያሉ ትምህርት ቤቶች በአውቶብስ ከሩቅ ለሚመጡ የገበሬ ልጆች ከተማ ውስጥ አንድ ቤት ይመድባሉ። ስቶርም ሆም ይሉታል። ብሊዛርድ ድንገት ከተነሳ ልጁ ወደ እርሻው አይመለስም፤ እዚያ ቤት ያድራል። ቤቱ የማን እንደሆነ ልጁም ወላጁም ትምህርት ቤቱም ቀድመው ያውቃሉ። በእኔ እምነት ከዚያ አገር ከተማርኳቸው ነገሮች ትልቁ ይሄ ነው። ያለ ምክንያትም አልመጣም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 1888 ጠዋቱ ሞቅ ብሎ ውሎ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሳሉ ብሊዛርድ በዚያ ሜዳ ላይ ወረደ። በዳኮታ፣ በነብራስካና በሚኒሶታ ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ መንገድ የጠፋባቸው ልጆች ናቸው።

ልጅዎም የራሱ ስቶርም ሆም ያስፈልገዋል። ሥራው ከሚኖርበት ራቅ ካለ፣ ሥራው አጠገብ ቤት ካለው ሐበሻ ወይም የሥራ ባልደረባ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር። «መንገድ ከተዘጋ አንተ ጋ አድራለሁ» ማለት እዚያ ነውር የለውም። እንዲያውም እነሱ ራሳቸው ናቸው የሚጠይቁት።

እኔ የነበርኩበት ሰፈር ከፊት ለፊታችን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ባለቤታቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን የሚኖሩ። አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ሂተሩም አብሮ ቆመ። በበሩ ስንጥቅ የገባው የበረዶ ብናኝ ወለሉ ላይ ቀጭን መስመር ሠርቶ ሳይቀልጥ ቀረ፤ ቤቱ ያን ያህል ቀዝቅዟል። ስልኬ ጮኸ። ሽማግሌው ናቸው። «የእንጨት ምድጃ አለኝ፣ ልጆቹን ይዘህ ና፣ የበረንዳዬን መብራት በጄኔሬተር አብርቼልሃለሁ፣ ከእሱ ዓይንህን አትንቀል» አሉኝ። መንገዱን ማቋረጥ ብቻ ነበር፣ ግን አጥሩን እየዳበስን ነው የሄድነው። እኛ ቡናውን ይዘን ሄድን። ሌሎች ሁለት ቤተሰቦችም መጡ። ጠዋት ደግሞ የሁላችንንም የሂተር ጭስ ማውጫ ከበረዶ ሲያጸዱ ዋሉ፤ እኔ አካፋውን ተቀበልኳቸው። በእሳቸው ዕድሜ በረዶ መዛቅ ልብ ያቆማል፤ በየክረምቱ በዚህ የሚሞት አለ።

ጭስ ማውጫው ቀላል ነገር እንዳይመስልዎት። እኛ አገር ከሰል አንድደው በር ዘግተው የሚተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። የቤቱ ማውጫ ወይም የመኪናው ማርሚታ በበረዶ ከተደፈነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር የሚጮህ መሣሪያ ይሸጣል፤ መኝታ ቤቱ አጠገብ ይስቀል። አካፋም ቤት ውስጥ ይኑረው። የውጭው በር ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ በረዶ ሲከመርበት ቶሎ እምቢ ይላል።

መኪና ከገዛ፣ ብርድ ልብስ፣ ሻማና ክብሪት፣ አካፋ፣ ጎማ ሥር የሚበተን አሸዋ፣ ቀይ ጨርቅ፣ የሚበላ ነገር ኋላ ላይ ይጫን። በሶ ቢልኩለት ደስ ይለኛል። መንገድ ላይ ከተያዘ ከመኪናው አይውረድ። ብዙ ሰው የሚጠፋው መብራት ያየ መስሎት በእግሩ ሲወጣ ነው። ጨርቁን አንቴናው ላይ ይሰር፣ ማርሚታውን ያጽዳ፣ በሰዓት 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ሞተር ያስነሳ፣ መስኮቱን ትንሽ ከፈት ያድርግ። ከመውጣቱ በፊት ደግሞ 511 በሚባለው የመንገድ መረጃ አገልግሎት መንገዱ ክፍት መሆኑን ያረጋግጥ። አውራ ጎዳናው ላይ በር አለ፤ ሲዘጋ ማለፍ ክልክል ነው።

እርዳታ ይመጣል ብሎ መተማመን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2022 የገና ሰሞን ባፋሎ፣ ኒውዮርክ ላይ እንዲህ ያለ ሲመጣ አምቡላንሱም የእሳት አደጋ መኪናውም በረዶ ውስጥ ቆሞ ቀረ። ከ40 ሰው በላይ ሞተ። ትልቅ ከተማ እንኳ እንዲህ ሆነ። በትንሽ ከተማ በእንዲህ ያለ ሌሊት ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ስለዚህ ልጅዎ እንደገባ ግራ ቀኙን ሰላም ይበል፣ ስልክ ይለዋወጥ፣ ፀሐይ ባለበት ቀን የሽማግሌ ደጅ ይዛቅላቸው።

አዲስ ገቢዎቹን ልጆች በእንዲህ ያለ ቀን ከቤት የሚያስወጣቸው ሌላ ነገር ነው፦ የሥራ ሺፍት። አንድ ቀን ከቀረሁ ያባርሩኛል፣ ለቤተሰብ የምልከው ይጎድላል ብለው ሲነጋ መኪና ያስነሳሉ። ጓደኞቼ እንዲህ ወጥተው ቦይ ውስጥ ሲገቡ አይቻለሁ። እዚህ ላይ የእኔ ምክር አይሰማም፤ የእርስዎ ይሰማል። ከመሄዱ በፊት አስቀምጠው «በዚያ ወር ብር ባይመጣ አንቀየምም፣ መንገድ ከተዘጋ ቤትህ ተቀመጥ» ይበሉት። በግልጽ ይበሉት። እሱ ከእርስዎ አፍ ካልሰማው አያምንም።

ጃኬትና ቡት ከዚህ አይግዙለት፣ እዚያ ደርሶ ይግዛ፤ የእኛ ገበያ ያለው ለዚያ ብርድ አይሆንም። ስልኩ አልገኝ ቢልዎም ወዲያው አይደንግጡ፤ መብራት ሲሄድ ቻርጅ ያልቃል። በክረምት 9 ሰዓት እንቀድማቸዋለን፣ እርስዎ ጠዋት ሲደውሉ እሱ እንቅልፍ ላይ ነው። የአንድ ጎረቤቱን ቁጥር ግን ከወዲሁ ይያዙ። ከተማዋ የቷ እንደሆነች በውስጥ መስመር ቢጽፉልኝ፣ እዚያ አካባቢ የማውቃቸው ልጆች ካሉ አገናኘዋለሁ።