የአንባቢያን ጥያቄ፦ ኪትቡቃ ለምን ብቻውን ቀረ?

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ የታሪክ መምህር ነኝ። የሞንጎሉ የጦር አዛዥ ኪትቡቃ ክርስቲያን እንደነበር ስናገር አንድ ተማሪዬ፣ «ታዲያ የመስቀል ጦረኞቹ ለምን አልረዱትም?» አለኝ። ብታብራሩልኝ።

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ የተማሪዎ ጥያቄ የታሪኩን እምብርት የነካ ነው። የናይማን ጎሣ ተወላጅ የነበረው ኪትቡቃ የንስጥሮስን ትምህርት የሚከተል ክርስቲያን ስለነበር፣ እምነቱ ከመስቀል ጦረኞቹም ሆነ ከእኛ የተለየ ነበር።

የታላቁ ኻን የመንኬ ወንድም ሁላጉ ኻን ወደ ፋርስ ከመዝመቱ አስቀድሞ 12,000 ጦር አስይዞ የላከው እርሱን ነው። በ1253 (ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በፋርስ የነበረውን የኢስማኢሊ ሙስሊሞች ምሽግ፣ የጊርድኩህን አምባ ሲከብ፣ የተከበበው እንዳይወጣ ዙሪያውን ጉድጓድ አስቆፍሮ ግንብ አሠራ፤ ከውጭም ደራሽ እንዳይመጣበት ከሠራዊቱ ጀርባ ሁለተኛ ጉድጓድና ግንብ ጨመረ። እንዲያም ሆኖ አምባው እስከ 1270 አልተሰበረም። ኪትቡቃ በ1258 ባግዳድ ስትያዝ ከአዛዦቹ አንዱ ነበር፤ በ1260 ደግሞ ደማስቆ እጇን ሰጠች።

ውድቀቱ የጀመረው በዚሁ ዓመት ነው። የሞንጎሎች ሁሉ የበላይ ገዥ የነበረው ታላቁ ኻን መንኬ መሞቱን የሰማው ሁላጉ አብዛኛውን ጦር ይዞ ሲመለስ፣ ለኪትቡቃ የተረፈለት 10,000 ያህል ሰው ነበር። በእኔ እምነት ከመንኬ ሞት ያላነሰ ምክንያት ግጦሽ ነው፤ እያንዳንዱ ሞንጎል በርካታ ፈረሶች ይዞ ስለሚዘምት፣ የሶርያ ሣር በበጋ ሲደርቅ ያን ሁሉ ጦር በዚያ ማቆየት አይቻልም ነበር። ሣር ሲጠፋ ከብቱን ወደ ረግረግ የሚያወርደውን የጎጃም ገበሬ የሚያውቁ ተማሪዎችዎ ይህን አያጡትም።

በዚህ መካከል የሲዶና ገዥ በሞንጎሎች ይዞታ ላይ ዘረፋ ፈጸመ፤ በግጭቱም የኪትቡቃ የወንድም ልጅ ስለተገደለ፣ ኪትቡቃ ሲዶናን ወርሮ አጠፋት። ከዚህ በኋላ በፍልስጥኤም ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በአካ ከተማ የነበሩት የመስቀል ጦረኞች ከማንም ጋር ላለመሰለፍ ወሰኑ፤ ይሁን እንጂ ኪትቡቃን ሊወጋ የዘመተው የግብጹ ሱልጣን ቁጡዝ በምድራቸው እንዲያልፍና ስንቅ እንዲገዛ ፈቀዱ። ሃይማኖት የአንድን የወንድም ልጅ ደም ሊሽር አልቻለም።

አጼ ይኩኖ አምላክ ከመንገሣቸው 10 ዓመት በፊት፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 6 ቀን 1253 ዓ.ም.፣ የቁጡዝና የኪትቡቃ ጦሮች በኢይዝራኤል ሸለቆ፣ «የጎልያድ ምንጭ» በሚባለው በዓይን ጃሉት ገጠሙ። ከኪትቡቃ ጋር የተሰለፈው የሆምስ ገዥ በውጊያው መካከል ከድቶት ሄደ። የፋርሱ ታሪክ ጸሐፊ ራሺድ አል-ዲን እንደሚለው፣ ኪትቡቃ ሽሽ ሲባል እምቢ ብሎ ሲዋጋ ተማረከ፤ በቁጡዝ ፊት ቀርቦም አንገቱን ተቀላ።