ከአራስ ልጅ ጀርባ ፈሳሽ ስለ መውሰድ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ልጅዎን ይማርልዎት። የዘጠኝ ቀን ልጅዎ ጡት መጥባት በማቆሙ ሆስፒታል እንደተኛ፣ ሐኪሞቹ ማጅራት ገትር ጠርጥረው ከጀርባው ፈሳሽ ለመውሰድ ፈቃድ እንደጠየቁዎት፣ አማትዎ ግን «ሽባ ያደርገዋል» ብለው እንደከለከሉ ጽፈዋል። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ለዓመታት በነርስነት ስሠራ ይህን ፍርሃት ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ምክሬ እንዲፈቅዱ ነው።

መርፌው የሚገባው ህብለ ሰረሰሩ ካበቃበት በታች፣ በታችኛው ወገብ በኩል ሲሆን፣ የሚወሰደውም ጥቂት ጠብታ ነው። አካላቸው ወይም አእምሯቸው ተጎድቶ ያየኋቸውን ልጆች የጎዳቸው በሽታው ራሱ ነበር። ቤተሰብ ግን ዘግይቶ ይፈቅድና ልጁ ሲጎዳ መርፌውን ይከሳል፤ ወሬውም በዚህ መንገድ ከሰፈር ሰፈር ይዛመታል።

«ትኩሳት የለውም፣ አንገቱም አልደረቀም» ማለትዎ እንዳያዘናጋዎት። በዚህ ዕድሜ የአንገት መገተር እምብዛም አይታይም፤ በትኩሳት ፈንታ ሰውነቱ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ እርግብግቢቱም የሚወጠረው ብዙውን ጊዜ በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። መጥባት ማቆም፣ መፍዘዝ፣ ሲያቅፉት የሚብስ ለቅሶ፣ እንዲሁም ብዙ እናቶች ጨዋታ የሚመስላቸው የከንፈር መምጠጥና የዓይን ወደ አንድ ጎን መቅረት (ይህ የሚጥል ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል) ይበልጥ ያሳስባሉ።

«መድኃኒቱ ከተጀመረ ምርመራው ለምን?» ላሉት፣ የደም ኢንፌክሽን ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ሕክምና ይበቃል፤ ማጅራት ገትር ከሆነ ግን እንደ ተህዋሲው ዓይነት 14 ወይም 21 ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በደም ሥር ይሰጣል፤ አምፒሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ መጠንም ይጨምራል። ክሌብሲየላን የመሰለ ተህዋሲ ደግሞ አምፒሲሊንን ይቋቋማል፣ ጀንታማይሲን የተባለውን ሌላ አንቲባዮቲክም ብዙ ጊዜ ስለሚቋቋም፣ መድኃኒቱን ለመቀየር የላቦራቶሪው ውጤት ወሳኝ ነው። ልጁ አተነፋፈሱ ካልተረጋጋ ወይም የመድማት ችግር ካለበት ሐኪሞቹ ራሳቸው ምርመራውን ያዘገዩታል፤ አንቲባዮቲኩ ግን በዚህ ምክንያት መዘግየት የለበትም። አማትዎንም ሐኪሙ በሚያስረዳበት ሰዓት ይዘዋቸው ይግቡ፤ በእርስዎ በኩል ከሚሰሙት ይልቅ ራሳቸው ጠይቀው የሚያገኙት መልስ ያረጋጋቸዋል።

በሽታው ከተረጋገጠ፣ ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊት የመስማት ምርመራ ቀጠሮ ያስይዙ፤ በየክትትሉም የጭንቅላቱ ዙሪያ እንዲለካ ይጠይቁ። ጭንቅላቱ ከሚጠበቀው በላይ በፍጥነት ካደገ ወይም ልጁ ደጋግሞ ካስመለሰው በአንጎሉ ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ሊሆን ስለሚችል፣ የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቁ ይውሰዱት።